ትምህርት ለአንድም ቀን አልተቋረጠም

ባለፈው ሳምንት አንድ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ተጥጄ ዋልኩ። ርዕሱ በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ከትምህርት ስለተገኙ መልካም ተሞክሮዎች ነው። እንዲህ ያለውን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ተናጋሪው ከጀርባው መጽሐፍ ደርድሯል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ያቺን የለመድናትን ይለቃታል፦ «ትምህርት ለአንድም ቀን አልተቋረጠም።»

እሰይ! እኔ እኮ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ከ190 በሚበልጡ አገሮች ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ ሲባል የዋህ ሆኜ አምኛለሁ። ለካስ ሊንክ ተልኮለት ነበር።

ለሊንክ ክብር ይግባትና፣ እንደሷ ያለ ነገር ከየት ይገኛል? መምህር ደመወዝ ይጠይቃል። ወንበር ይሰበራል፣ ጣሪያ ያፈሳል። ሊንክ ግን አንዴ ከተላከች ጥፋቱ ሁሉ የተቀባዩ ነው። አልከፈትክም? የራስህ ጉዳይ። ዳታ የለህም? እሱ ሌላ ክፍል ነው የሚመለከተው። ዩኒሴፍ በዚያው ዓመት ቢያንስ 463 ሚሊዮን ልጆች የርቀት ትምህርት ሊደርሳቸው አልቻለም ብሎ ነበር። አቃቂር አውጪ! «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ለካ ሥርዓተ ትምህርት ኖሯል።

የኔ ልብ ግን ስልኳ ላይ ነው የቀረው። አንዱ ባለሙያ «በየቤቱ ቢያንስ አንድ ስልክ ስላለ ችግር አልነበረም» ሲል ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። አንድ ቤት፣ አንድ ስልክ፣ አራት ልጅ። እስቲ ይህችን ትምህርት ቤት እንጎብኛት።

ጠዋት ትምህርት ቤቱ አባትየው ኪስ ገብቶ ሥራ ይሄዳል። ተማሪዎች እስኪመለስ በር በሩን ያያሉ። ማታ ይገባል፤ ባትሪው 6 በመቶ። ይሰካል። የቻርጀሩ ገመድ አጭር ስለሆነ ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተራ ይዘው ይቆማሉ። እንግዲህ የጠዋት ሰልፍም አልቀረም ማለት ነው፣ ወደ ማታ ዞረ እንጂ። ቅድሚያ ለትልቁ ነው፤ ፈተና አለበት። ባለ 84 ገጽ ፋይል ማውረድ ጀመረ። 12 በመቶ። 13 በመቶ። 13 በመቶ። አክስት ደወለች። ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ሰዓት ስለ አክስት ወገብ ሕመም አስተማረ። ስልኩ ሲዘጋ ፋይሉ እንደገና ከዜሮ።

ሁለተኛው ጂኦሜትሪ አለው። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በሦስት ማዕዘኑ መሀል ያልፋል። ልጁ መስመሮቹን ቆጠረ። አራት። «አራት» ብሎ ጻፈ። ኤክስ ገባበት። (በበኩሌ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ያየውን ነው የጻፈው።) ሦስተኛዋ ሴት ልጅ ናት፤ ተራዋ ዕቃ ካጠበች በኋላ ነው። ዕቃው ሲያልቅ ዳታውም አለቀ። አራተኛው ገና ፊደል አልለየም። የመምህሩ የድምፅ መልእክት ደረሰው፦ «ልጆች፣ ይሰማል? ይሰማል?» ጨዋ ልጅ ስለሆነ «ይሰማል» አለ። ለስልኩ። ሦስቴ። የዕለቱ ትምህርት በዚሁ ተጠናቀቀ።

ስልክ የሌለውስ? ሬዲዮ አለለት! መስማት ለተሳነው ልጅም ሬዲዮ። ማየት ለተሳናት ደግሞ ፎቶ የተነሳ የደብተር ገጽ። አካታችነት እንዲህ ነው፤ ማንም አልተረሳም፣ የሁሉም ብቻ ትንሽ ተምታታ።

ደግሞ ደስታ የማይወዱ ተመራማሪዎች አሉ። ኔዘርላንድስ ኢንተርኔት የማይቸግራት አገር ናት፤ ትምህርት ቤት የተዘጋውም ለ8 ሳምንት ብቻ ነበር። የልጆቹን የፈተና ውጤት ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩና ከቤት ሆነው የተማሩት ጥቂት ወይም ምንም ነው አሉ። ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ጉዳቱ እስከ 60 በመቶ ይብሳል። አያችሁ? ሊንክ በደንብ የሚከፈትበት አገር እንኳን ሊንክ አላስተማረም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። በሽታው ቀልድ አልነበረም፤ መዝጋት ግድ የሆነበት ጊዜ ነበር፣ እሱን አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ውሸቱ ነው። ለነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ማለት ጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይደለም። 370 ሚሊዮን ልጆች የትምህርት ቤት ምገባ ቀርቶባቸዋል፤ ለብዙዎቹ የቀኑ ደህና ምግብ እሱ ነበር። በአንዷ ልጅ ክንድ ላይ ያለውን ሰንበር አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት ብቸኛው ትልቅ ሰው መምህሯ ነበረ። እንደሚሆን ሳይታወቅ ቀርቶም አይደለም። በኢቦላ ጊዜ ሴራሊዮን ትምህርት ቤት ዘግታ ስትከፍት ብዙ ልጃገረዶች አርግዘው ተገኙ። ያረገዙት ወደ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሳው በማርች 2020 ነው፤ ዓለም በየተራ ትምህርት ቤቱን በሚቆልፍበት በዚያው ወር። እናንተ ተሞክሮ የምትሰበስቡ ሰዎች፣ ይሄ ተሞክሮ ፋይላችሁ ውስጥ የለም? ሥራ ገብቶ የቀረውን፣ ተድራ የቀረችውን፣ በየትኛው ሊንክ ነው የምትጠሯቸው?

ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ። ማይክ ዘግቻለሁ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። መሀል ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ። 6 ደቂቃ። ሲመለስ የነበረውን ቁጣ ብታዩ! «ይህ እንዴት ይሆናል?» «ዋናው ነጥብ አመለጠን!» «ሐሳባችን ተበታተነ፣ ከመጀመሪያው ይደገምልን!» አንዱማ በእንዲህ ያለ ሁኔታ መማማር ከቶ አይቻልም ብሎ አምርሮ ተናገረ። ኡጋንዳ ውስጥ ትምህርት ቤት በማርች 2020 ተዘግቶ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በጃንዋሪ 2022 ነው። ለኛ ግን ወዲያው ማካካሻ 30 ደቂቃ ተጨመረልን። ገለጻው ከመጀመሪያው ተደገመ፤ ጉሮሮ መጥረጉም ሳይቀር።

የተሳትፎ ሰርተፊኬቴ በሊንክ ተልኮልኛል። እስካሁን አልከፈት ብሎኛል።