ምክር ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ይብቃን

ወገኖቼ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጆች፣ የክሊኒክና የሆስፒታል ባለቤቶች፣ ቡና ላኪዎች፣ አስመጪዎች፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ስለ ሳይበር ደህንነት፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተርና መረጃ ጥበቃ ምክር ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሕንጻ ስታሠሩ መሐንዲስ ሳያየው መሠረት አታስቆፍሩም። የደንበኛ ገንዘብ፣ የታካሚ ምስጢርና የተማሪ ውጤት የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ግን «አንድ የአይቲ ልጅ አለን» ብላችሁ ትታችሁታል። ያ ልጅ ፕሪንተር ይጠግናል፣ ዋይፋይ ያስተካክላል፣ ካሜራ ይሰቅላል። በዚህ ሁሉ ላይ የመላውን ድርጅት ደህንነት ስትጭኑበት በእርሱም ላይ ግፍ ትሠራላችሁ፤ አደጋ የደረሰ ቀን በመጀመሪያ የምታባርሩትም እርሱን ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ በሌሊት ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተዛምቶ ኤቲኤም ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ችግር መሆኑም ተነገረ። ይህን ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ እፎይ አላችሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይኸው ነው። አንድም ጠላፊ ሳይመጣ ይህን ያህል ከወጣ፣ ጠላፊ ቢመጣስ? የሳይበር ደህንነት አማካሪ ሌባ አባራሪ ብቻ አይደለም። ሲስተም ላይ ለውጥ ከመደረጉ በፊት ማን ፈተሸው? ማን ፈቀደው? ቢበላሽ በስንት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል? እኩለ ሌሊት ላይ ያልተለመደ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሲታይ የማን ስልክ ይጮኻል? አማካሪ የሚከፈለው እነዚህን አስጨናቂ ጥያቄዎች አስቀድሞ እንዲጠይቃችሁ ነው። ገንዘቡን ላወጣችሁት ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ፦ ማሽን ስለተሳሳተ የሰው ገንዘብ የእናንተ አይሆንም። ያሳደግናችሁ እኛም አብረናችሁ አፍረናል።

ጠላፊ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ የባንግላዴሽን ማዕከላዊ ባንክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች በባንኩ ስም ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ለማዛወር ትእዛዝ አስተላልፈው 81 ሚሊዮኑን ፊሊፒንስ አድርሰው አብዛኛውን አጠፉት። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተረፈው ሌቦቹ የተቀባዩን ድርጅት ስም ፊደል ስላሳሳቱ ነው። 20 ሚሊዮን ዶላር ያዳነው የሌባ የፊደል ግድፈት መሆኑን አስቡት!

ወደ ጤናው ልምጣ፤ በጣም የሚያንገበግበኝ እርሱ ነውና። በሙያው ውስጥ ስላለሁ የብዙ ተቋማትን ጓዳ አይቻለሁ። በአንድ የግል ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ጠርዝ ላይ የይለፍ ቃሉ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ካርድ የምታወጣዋ ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ሐኪሙና ገንዘብ ተቀባይዋ ሁሉም የሚገቡት በዚያው በአንድ ስም ነው። የአንዲት እናት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ሰፈር ውስጥ ቢወራ፣ ማን ከፍቶ እንዳየው የሚናገር መዝገብ የለም፤ የሚታየው «አድሚን» የሚል ቃል ብቻ ነው። የአልትራሳውንድ ምስል ከክፍል ወደ ክፍል በፍላሽ ይጓጓዛል፤ ያው ፍላሽ ማታ ቤት ሄዶ ፊልም ይጫንበታል። ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ የት እንዳለ ስጠይቅ፣ ከዚያው ኮምፒውተር ጋር ቀን ከሌት ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ አሳዩኝ። ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሲገባ እኮ ኮምፒውተሩን ብቻ ቆልፎ አይቆምም፤ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፋል።

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» በተባለው በዚህ ዓይነት ቫይረስ ሲመታ ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ከጥቃቱ በፊት ባለሙያዎች ከ236 የጤና ተቋማት በ88ቱ ተገኝተው ፍተሻ አድርገው አንዱም አላለፈም። ባለሙያ ጠፍቶ አልነበረም። መክሯል፤ ሪፖርቱን ጽፎ አስረክቧል።

የእኛም ሕመም ይኸው ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ ታስፈትሻላችሁ፣ ሪፖርቱ በጥሩ ጥራዝ ይመጣል፣ ለቦርድ ይቀርባል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ መሳቢያ ይገባል። በዓመቱ ሌላ ፈታሽ መጥቶ ያንኑ ቀዳዳ እንደገና ይጽፍላችኋል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዓለም ግዙፍ ከሆኑት የመርከብ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ማርስክም በዚሁ መንገድ ወድቋል። የኮምፒውተሮቹን አሠራር ደካማነት የራሱ ባለሙያዎች አስቀድመው ነግረውት፣ የማስተካከያው ዕቅድም ጸድቆ በጀት ተመድቦለት፣ ሥራው ግን ሳይሠራ እንደቀረ በኋላ ተዘግቧል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. «ኖትፔትያ» የተባለ አጥፊ ቫይረስ፣ ድርጅቱ ዩክሬን ውስጥ በሚጠቀምበት የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ገብቶ ድርጅቱን በየአህጉሩ ሽባ አደረገው። 4,000 ሰርቨሮች፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያገለግሉ ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች፣ እና 45,000 የሠራተኛ ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ መጫን ነበረባቸው። ማን ወደ የትኛው ሲስተም መግባት እንደሚችል የሚወስኑት ዋና ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው ቅጂ ይለዋወጡ ነበርና በአንድ ጊዜ ተደመሰሱ። የተረፈው ጋና ያለው ብቻ ነበር፤ በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተቋርጦ ስለነበረ! ቅጂው በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ለንደን ደረሰ። እኛ ደግሞ ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ፣ ኮንቴይነር አንድ ቀን ሲዘገይ ኪራይ የሚቆጠርብን ሰዎች ነን። መብራት መጥፋቱን ተማምነን አንቀመጥ።

ላኪዎችና አስመጪዎች፣ የእናንተ አደጋ ከዚህ የረቀቀ ነው። ሌባው ኢሜይላችሁ ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይነካ ያነባል። ከማን ጋር እንደምትዋዋሉ፣ ኢንቮይስ መቼ እንደሚላክ፣ ገዢውን በምን ቃል እንደምትጠሩት ይማራል። ክፍያው ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ በእናንተው ማኅተም ይልካል፤ የኢሜይል አድራሻው ከእናንተ የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። ገዢው ይከፍላል፣ ቡናው ተጭኗል፣ ገንዘቡ የለም። ከዚያ በኋላ ባለሙያ መጥራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አማካሪ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ሁለት ነገር ያዛችሁ ነበር፦ ኢሜይላችሁ ከይለፍ ቃል ሌላ በስልክ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ፣ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ደግሞ በቀድሞው ስልክ ተደውሎ በድምፅ ሳይረጋገጥ ክፍያ እንዳይፈጸም። ሁለቱም ይህ ነው የሚባል ወጪ የላቸውም።

«አማካሪ ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ለአንድ ክሊኒክ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ውድ ነው፤ እውነት ነው። ግን ማኅበር የላችሁም? አንዱን ባለሙያ ተካፍላችሁ ቅጠሩ፤ በየተራ ይዙራችሁ። ስትቀጥሩም ተጠንቀቁ። ገና በሩን ሳያልፍ የሚገዛ ሶፍትዌር የሚዘረዝርላችሁ ሰው ሻጭ ነው፤ አማካሪ አትበሉት። አማካሪ መጀመሪያ ሥራችሁን ይጠይቃል፦ የትኛው መረጃ ቢጠፋ ትዘጋላችሁ? የለቀቀ ሠራተኛ የመግቢያ ፈቃድ በስንት ቀን ይሰረዛል? ባክአፑን መልሳችሁ ከፍታችሁ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?

«የሚሰረቅ ምን አለን» የምትሉም አላችሁ። የሰው ስም፣ ስልክ፣ የጤና መረጃና የልጆች ፎቶግራፍ አላችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ያ መረጃ አደራ ብቻ አይደለም፤ የሕግ ግዴታም ነው። አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሥራ አስኪያጅ ስፈልግ ግን የማገኘው ጥቂት ነው፤ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ያንን ሪፖርት ከመሳቢያ አውጡት። «ከፍተኛ» ተብሎ ከተመደበው ችግር ጀምራችሁ በእያንዳንዱ ትይዩ የሚያስተካክለውን ሰው ስም፣ የሚጨርስበትን ቀንና የተፈቀደለትን ብር ጻፉ። «የአይቲ ክፍል» ብላችሁ አትጻፉ፤ የሰው ስም ይሁን፤ ውሳኔው የእናንተ በሆነበት ቦታ ደግሞ የራሳችሁን ስም አስፍሩ። ሪፖርት የሌላችሁ ደግሞ ከሐምሌው በጀት አንድ መስመር አስይዙና ፈታሽ ጥሩ።