አንገት መድፋት እንዲህ ነው እንጂ!

የዘንድሮ ወጣት ጨዋነት የለውም የምትሉ አዛውንት፣ እሑድ ከሰዓት ሐዋሳ ኑና ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። አንገቱን ያልደፋ ሰው ካገኛችሁ ቡናው በኔ። ሐይቁ ፊት ለፊት ተንጣሏል፣ የሚያየው የለም። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ድሮ እንዲህ ያለ አንገት ደፊ ለማግኘት ሽማግሌ ስንት ሰፈር ይዞር ነበር! ከዓይን ያውጣችሁ።

ደሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ቀና ሲል አከርካሪው ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ግን ጣጣው ለአንገትና ለትከሻ ጡንቻ ይተርፋል። የኛ ልጅ ይህን ሸክም በርጩማ ላይ ተጣጥፎ ከአቦል እስከ በረካ አያወርደውም። ስፖርት ለመሥራት ጊዜ የለኝም ቢል እውነቱን ነው።

ከባጃጅ ሾፌር ጎን ተለጥፎ ለሚሄደው ግን የተለየ አክብሮት አለኝ። ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ አንድ ጎኑ ወንበር ላይ፣ አንድ ጎኑ አየር ላይ ነው። በአንድ እጁ ብረቱን ጨብጧል። ስልክ ሲደወልለት አይደነግጥም፤ በጆሮና በትከሻው መሃል ወትፎ «ደርሻለሁ፣ ፒያሳ ነኝ» ይላል። (ገና መናኸሪያ ነው።) ሾፌሩም ቦታ ለቆለት ቀኑን ሙሉ በግማሽ መቀመጫው ይነዳል። ሰርከስ ቢሆን በትኬት እናየው ነበር።

ይሄው ጀግና ማታ ጂም ገብቶ መስታወት ፊት ይቆማል። «አሰልጣኝ፣ ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ብሏል፤ አስተካክልልኝ!»

ጉድ እኮ ነው። ራሱ ሲያጣምመው የዋለውን ትቶ የፈጣሪን ሥራ ሊያርም መጣ። ጉበት ወደ ቀኝ፣ ልብ ወደ ግራ ያደላል። የቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል ሲኖረው የግራው ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ጎኑ ልክ እኩል የሆነ ሰው የት ይገኛል? እዚሁ ሐይቁ ዳር ሪዞርት ያለው ኃይሌ ገብረሥላሴ ግራ እጁን ለየት አድርጎ አጥፎ ነበር የሚሮጠው። በልጅነቱ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደው ነው። በዚያው እጅ ከአትላንታም ከሲድኒም የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ይዞ መጣ። የኛ ሰውዬ ቢያገኘው ግን «መጀመሪያ እጅህን አስተካክል» ይለው ነበር።

አሰልጣኙ ምስኪን ነው፣ ያስረዳዋል። «ትከሻህን ተወው፤ አንድ ቦታ ደርቀህ አትዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስ። ቦርሳህን ከትከሻ ትከሻ ቀያይር። ክብደት በአንድ በአንድ እጅ አንሳ፤ ከደካማው ጀምር፣ እሱ በቻለው ልክ ጠንካራውም ይቁም።» የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን ይመክራል።

150 ደቂቃ? ያ እኮ የአንድ ቡና ወግ ነው! ማን ይሰዋዋል?

ሰውዬው ግን ጨዋ ነው፣ አይከራከርም። እሺ ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል። የዕለቱን ስፖርት እዚያው ጨረሰ።