የረጨነው ለጉንዳን ነበር

የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ባሕር ዳር ላይ ጉንዳን የማይገባበት ቤት የለም። ውሃ ጉድጓዱን ሲሞላበት ወደ ደረቁ ይሸሻል፤ ደረቁ ደግሞ የእኛ ማድቤት ነው። ባለፈው ክረምት ዓባይ ማዶ እኛ ግቢ ሰልፉ ከሎሚው ሥር ተነስቶ፣ በረንዳውን ዞሮ ስኳር ጣሳው ድረስ ደረሰ። አንድ ጎረቤታችን ለጫት ማሳው ከገዛው ኬሚካል ተርፎት ኖሮ በጀርባ በሚታዘል መርጫ በጥብጦ ግድግዳውን፣ የሎሚውን ግንድ፣ ቅጠሉን ሳይቀር አጠበው። ሎሚው አብቦ ነበር።

በማግስቱ በረንዳውን ስጠርግ መጥረጊያው ሥር የተከመረው ጉንዳን ሳይሆን ንብ ነው። አንዷ ገና አልሞተችም፤ በጀርባዋ ተገልብጣ እዚያው ትሽከረከራለች። ጉንዳኑ በአራተኛው ቀን በሌላ ስንጥቅ ተመለሰ።

ባይመለስ ነበር የሚገርመው። ውጭ የምናየው ሠራተኛውን ነው፤ እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ከመሬት በታች ስለሆነች ርጭቱ አያገኛትም። ቤት ውስጥ ከሚራቡት ጥቃቅን ቢጫ ጉንዳኖች መካከል እንዲያውም ሲረበሹ ንግሥቶቻቸውን ይዘው የሚከፋፈሉ አሉ፤ አንድ የነበረው ጎጆ ሁለት ሦስት ይሆናል። ለነገሩ መርዙን «መድኃኒት» ማለታችንም ሳያዘናጋን አልቀረም። መድኃኒትን ማን ይፈራል?

ጉንዳን ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። ሎሚው ላይ ያለውን ክሽክሽ፣ ያንን ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ጣፋጭ ፈሳሹን ለመምጠጥ ሲል እንደ ላም ይጠብቀዋል። ገብረ ጉንዳን ቀፎ ላይ ከወጣ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ንብ አናቢ ይናገር። ግን የምስጥ ዋነኛ ጠላት ጉንዳን ነው፤ በእንጨትና በጭቃ ቤት የምንኖር ሰዎች ጉንዳኑን ጨርሰን «ምሰሶውን ምስጥ በላው» ስንል ነገሩን አገናኝተን አናውቅም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የጣዝማ ነገር ነው። ጣዝማ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት፤ ቤቷ መሬት ውስጥ ነው፤ ጉንዳንና ምስጥ ትተውት የሄዱት ጉድጓድም ይመቻታል። ማሯን ለሳል ብለን በውድ እንገዛለን። ማሳ ላይ ያገኘነውን ቀዳዳ ሁሉ የጉንዳን ነው ብለን መርዝ ስናፈስበት ግን ውስጡ ማን እንዳለ አንጠይቅም።

ጉዳዩ ከግቢ አጥር ያልፋል። ፎገራ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት ይረጫል፤ ከፎገራ ማሳ የታጠበው በጉማራና በርብ ወንዞች አድርጎ ጣና ይገባል። ሳይፐርሜትሪንን የመሳሰሉ ፀረ ተባዮች ለንብ መርዝ እንደሆኑ ሁሉ ዓሣንም በትንሽ መጠን እንኳ ይገድላሉ። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አለን። እኛ ግቢ የተረጨው ግን ምንም ጽሑፍ በሌለው የውሃ ላስቲክ ተቀድቶ የመጣ ነበር፤ ስሙን ጎረቤቴም አያውቀውም።

እናቶቻችን መሶቡን ውሃ በያዘ ሳህን መሃል ያስቀምጡ ነበር። ንብ አናቢዎች የቀፎውን መቆሚያ አመድ ያለብሱታል። ጉንዳን የሚሄደው የቀደመው ጓደኛው የተወለትን ጠረን ተከትሎ ስለሆነ መንገዱን በሳሙና ውሃ ማጠብ ሰልፉን ይበትነዋል፤ ከዚያ ስንጥቁን መድፈን ነው። ማሳ ላይ የግድ መርጨት ካለበት ደግሞ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ሲመሽ፣ ያበበውን ሳይነኩ።

ዘንድሮ ስኳር ጣሳችን ሳህን ላይ ነው። ጉንዳኑ በበረንዳው ጠርዝ ያልፋል፣ እኔም አልፈዋለሁ። ሰሞኑን ጎረቤታችን መርጫውን አዝሎ ብቅ አለ። የሎሚውን አበባና የሚዞሩትን ንቦች አሳየሁት፤ ይህንኑ የምሽቱንም ነገር ነገርኩት። ቆም ብሎ አየና፣ «ታዲያ ማታ ልምጣ?» አለኝ።