ያልተጠሩ ፎልደሮችን ለሚልኩልን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን የወጣውን ካልኩሌተር አያችሁት? ቁጥር ይደምራል። ከመደመሩ በፊት ግን ሆም ዳይሬክተሪያችን (የግል ፋይሎቻችን የሚቀመጡበት ዋና ፎልደር) ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ማለትም የተደበቀ፣ ፎልደር ከፍቶ ይደላደላል። እሰይ! ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «የተደበቁትንም ዘርዝር» ብላችሁ ስክሪኑ ሞልቶ የፈሰሰባችሁ ሁሉ፣ ኑ የፕሮግራመሮቻችንን እጅ እንመርቅ።

ደንብ የለም እንዳይባል አለ። ኤክስዲጂ ቤዝ ዳይሬክተሪ የሚባለው የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ዴስክቶፕ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ሴቲንግ «.ኮንፊግ» ውስጥ፣ ዳታ «.ሎካል/ሼር» ውስጥ፣ ለፍጥነት ሲባል የተያዘው፣ ቢጠፋ የማያስለቅሰው ጊዜያዊ ቅጂ «.ካሽ» ውስጥ። በ2021 ደግሞ ለሎግ (ለፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) እና ለሂስትሪ «.ሎካል/ስቴት» ተጨመረ። አራት ቦታ! አንድ ምስኪን ፕሮግራመር ይህን ሁሉ እንዴት በቃሉ ይያዝ? ግፍ ነው።

ወደ ካልኩሌተራችን እንመለስ፤ ሊቅ ነውና። ፎልደሩ ውስጥ ምን አለ? ጨለማውን ገጽታ መርጣችኋል የምትል የአንድ መስመር ሴቲንግ። ከጎኗ የሴቲንጓ ባካፕ። ከዚያ የባካፑ ባካፕ፣ ስሙ ላይ «ኦልድ» ተጨምሮበት። ካሽ፤ ሁለት ሲደመር ሁለት ነገ ተለውጦ እንዳያድር መሰለኝ። በተከፈተ ቁጥር «ተከፈትኩ» እያለ የሚመሰክርበት፣ የሚያሳጥረው የጠፋ ሎግ። ፎንት። የፎንቱ ካሽ። አንድ ባዶ ፎልደር፣ ለክፉ ቀን። ብታጠፉት ፕሮግራሙ ሲከፈት መልሶ ይሠራዋል። ፕሮግራሙን ራሱን ብታራግፉትስ? ፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያራግፈው) የሚነቅለው ራሱ የተከለውን ነው፤ ሆማችሁን አይነካም። ካልኩሌተሩ ይሄዳል፣ ፎልደሩ ይቀራል።

ባካፕ ስትወስዱ ውለታው ይበልጥ ይገባችኋል። ካሹ በቦታው ቢሆን «.ካሽን ዝለል» ማለት ይበቃ ነበር። አሁን ግን ያቺን የአንድ መስመር ሴቲንግ ለማዳን ጥራጊውን አብራችሁ ትሸከማላችሁ፤ አለዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የማይወሰድ ዝርዝር እየጻፋችሁ ታመሻላችሁ።

ትጉሆቹ ደግሞ ሴቲንጋቸውን ጊት (የፋይል ለውጥን ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) በሚከታተለው አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስበው በቦታው ሲምሊንክ (ወደ ዋናው ፋይል የሚጠቁም ሊንክ) ይተዋሉ። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ሴቭ እስኪያደርግ ድረስ። ብዙዎቹ ጊዜያዊ ፋይል ጽፈው በነባሩ ስም ይተኩታል፤ ሊንኩ ይሞታል፣ ተራ ፋይል ይተካል፣ ጊት ውስጥ ያለው ቅጂ እዚያው ያረጃል። ማንም አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ጀማሪን «ሆምህን እንዳለ ጊት ውስጥ ክተትና ለሕዝብ ክፈተው» እያሉ የሚያስተምሩ አሉ። እናንተ ሰዎች፣ እዚያ ውስጥ እኮ የ«.ኤስኤስኤች» የግል ቁልፍ፣ ሰርቨር ውስጥ የሚያስገባው፣ አለ! ፓስወርድና ቶክን (በፓስወርድ ፈንታ የሚያገለግል የመግቢያ ኮድ) በግልጽ የተጻፈባቸው ፋይሎች አሉ! በቀጣዩ ኮሚት (ጊት ውስጥ በሚመዘገበው ለውጥ) ማጥፋት ምንም አያድንም፤ የጊቱ ሂስትሪ ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፉ ከየሰርቨሩ መሰረዝ፣ ቶክኑ መሻር፣ ሁለቱም በአዲስ መተካት አለባቸው። ይህን ሳይናገሩ ማስተማር ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ልዩ ሜዳሊያ የሚገባው ግን ፎልደሩን ወደ «.ኮንፊግ» አዛውሩልን ሲባል «የነባር ተጠቃሚዎች ሴቲንግ ይጠፋል» ብሎ ለሚቆረቆርልን ፕሮግራመር ነው። አሮጌው ካለ እሱን አንብብ፣ ከሌለ በአዲሱ ቦታ ፍጠር የሚል ጥቂት መስመር ኮድ ተጽፎ ቀረበለት። አመሰገነ፤ «አይስተካከልም» የሚል ምልክት ለጠፈበትና ዘጋው።