ይቀየር!

ሐኪም ቤት ስንሄድ ደም ይወሰዳል፣ ራጅ ይነሳል፣ ውጤት ይጠበቃል። ኋላ ቀርነት ነው! የኛ መካኒክ ኮፈን እንኳ አይከፍትም። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ቁልፍ ሳዞር የወጣችውን «ቀጭ» ሰምቶ ፈረደ፦ «ፋዘር፣ ሞተሪኖው አልቆለታል። ይቀየር።» ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ ማለቱ ነው።

በሁለት ሰከንድ! እንዲህ ያለ ጸጋ ለስንቱ ተሰጥቶታል?

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ብዙዎቻችሁ መንዳት የለመዳችሁባት። ባትሪዋ ደህና ነው፤ መብራቷ ቦግ ይላል፣ ክላክሷ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ሞተሪኖዋን በመዶሻ ኳ ኳ ሲያደርጉላት ትነሳለች። ይህን ስነግረው በሐዘኔታ አየኝ። መኪና ሥር የተኛ ልጅ ግን አንገቱን ብቅ አድርጎ «ካርቦኑ ይሆናላ» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ 12 ቁልፍ አቀብል!»

12 ቁልፍ የሚፈልግ ሥራ አልነበረም።

ልጁ ልክ ነው። ሞተሪኖ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አራት ካርቦኖች አሉ። የሚሽከረከረውን መዳብ እየታከኩ ኤሌክትሪክ ያቀብላሉ። ዓመት በዓመት ይበላሉ፣ ያጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ መዳቡን በደንብ አይነኩም። ኳ ሲባሉ ለጊዜው ይነካሉ። በቃ፣ ይኸው ነው ምስጢሩ። አራቱን ለመለወጥ የሁለት ሰው ምሳ አይፈጅም። ግን ይህን የመሰለ ተራ ሥራ ለትልቅ ሰው ይነገራል?

ተቀየረ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴም ታነባለች። አሮጌውን ልወስድ እጄን ስዘረጋ «ተወው ፋዘር፣ ምን ያደርግልሃል? እኛው እንጥልልሃለን» አለኝ። ደግነቱ!

እንዴት እንደሚጣል ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ገላውን ይታጠባል፣ በቤንዚን። ከዚያ ያ የተቆጡት ልጅ ይጠራና ካርቦን ግዛ ይባላል። ቀጥሎ ብርማ ቀለም ይነፋበታል፣ በላስቲክ ይጠቀለላል። ሲጣል፣ ሲጣል፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ይወድቃል። እዚያ ስሙ «የዱባይ ኦርጅናል» ነው። የኔ ሞተሪኖ ከቢሾፍቱ አልፎ አያውቅም፤ ዛሬ ከዱባይ ተመላሽ ሆኗል። ሻንጣ ብቻ ነው የጎደለው። አንዱ የዲኤክስ ባለቤት ይገዛዋል። የሱም አሮጌ ይጣላል፣ ይታጠባል፣ ዱባይ ደርሶ ይመጣና ለሦስተኛው ይደርሳል፣ የሦስተኛው ለአራተኛው። ሳናውቀው ዕቁብ ገብተናል ማለት ነው። የሞተሪኖ ዕቁብ። ትንሽ የሚለየው፣ ዕጣው በየሳምንቱ ለሰብሳቢው መውጣቱ ነው።

አሁን ቀልዱን ልተወው። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብሩ ተንሳፈፈ። የቀረችን ይቺው አሮጌ መኪና ናት። በሷ ልጆቹን የሚያበላ ሰው ፊት ቆሞ፣ ሳይከፍቱ፣ ሳይነኩ «ይቀየር» ማለት ሙያ አይደለም። ሌብነት ነው! የሚያውቀውን ልጅ አፍ ማስዘጋት ደግሞ ከሌብነቱም ይብሳል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አዲሱ ሞተሪኖዬ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ትናንት ኮፈኑን ከፍቼ ዳበስ ሳደርገው ብርማው ጣቴ ላይ ቀረ። ከቀለሙ ሥር የመዶሻ ጠባሳ አለ። የኔ መዶሻ አይደለም፤ እኔ የምመታው በግራ በኩል ነበር።

የዕቁብ ወንድሜ፣ የትም ብትሆን፣ ያንተ እኔ ጋ ደህና ነው። የኔንስ እንዴት ይዘኸዋል?