14 ሳጥን ለስላሳ

ኬሚስትሪ ላይ ጎበዝ እንደነበርኩ ለእህቴ ልጅ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ወላጅና አጎት የሆነ ሰው ሁሉ በዘመኑ ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ይወጣ ነበር። ያኔ አርባኛ ይወጡ የነበሩት ልጆች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ልጅቱ 10ኛ ክፍል ናት፤ እዚሁ ሐዋሳ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል?»

ጥያቄው ስለቀለለኝ አዘንኩላት። «20 ግራም!» አልኩ፤ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል። በዚያም አልበቃኝም። ቁስ አካል አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለውን ሕግ ያጸናው ላቮይዜ የተባለ ፈረንሳዊ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1794 የአብዮቱ ሰዎች አንገቱን በጊሎቲን እንደቆረጡት ጨምሬ አብራራሁ። ልጅቱ በትዕግሥት አዳምጣ ከጨረሰች በኋላ መልሱ 18 እንደሆነ ነገረችኝ። የላቮይዜን አንገት አንስቼ የራሴን መድፋት ግድ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራሙን ወደ ሞል፣ ማለትም ወደ ቅንጣት መቁጠሪያው፣ ሳይቀይሩ መደመር ክልክል ነው። የሃይድሮጅን ጋዝ አንድ ሞል 2 ግራም ስለሆነ በእጃችን ያለው 2 ሞል ነው። የኦክስጅን አንድ ሞል 32 ግራም ስለሆነ ያለን ግማሽ ሞል ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ ሲሠራ ለ1 ኦክስጅን 2 ሃይድሮጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ግማሽ ሞል ኦክስጅን 1 ሞል ሃይድሮጅን ወስዶ ያልቃል፤ 18 ግራም ውሃ ይወጣል፤ የቀረው 2 ግራም ሃይድሮጅን ተጓዳኝ አጥቶ ቆሞ ይቀራል። 18 እና 2 ሲደመሩ 20 ናቸው፤ ላቮይዜም አልተዋሸም። በመጽሐፉ ኦክስጅኑ ሊሚቲንግ ሪአክታንት ይባላል። እኔ «ቀድሞ የሚያልቀው» ብዬዋለሁ።

ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ እስከዚህ ድረስ በዝምታ ስትከታተል ቆይታ ልጅቱ «አንድ ሞል ስኳር 342 ግራም ነው» ስትል ግን አላስቻላትም።

«የት ያለው ሞል ነው?» አለች። «ያን ሁሉ ፎቅ ሠርተው ያላቸው ስኳር ይህችው ናት?»

የልጅቱን ማብራሪያ ሰምታ፣ ሞል ማለት እንደ ደርዘን ያለ የመቁጠሪያ ስም መሆኑን ስትረዳ፣ ይህን የፈለሰፈው ሰው ምን ቢቸግረው ነው ብላ አዘነች። ደርዘን 12 ነው። ሞል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ 602,214,076,000,000,000,000,000 ቅንጣት ተብሎ ያለ ሽርፍራፊ ተቆርጧል። እኔ የገረመኝ የቁጥሩ ግዝፈት አይደለም፤ አለመለዋወጡ ነው። እኛ ያደግነው በመደብ ነው። በጉልት አንድ መደብ ቲማቲም ጠዋት 7 ፍሬ፣ ወደ ማታ 9 ፍሬ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ 5 ፍሬ ነው። የገዢውን ፊት አይቶ የማይለዋወጥ መለኪያ ሲገጥመን መደንገጣችን አይፈረድብንም።

ግዝፈቱን ለማወቅ ለምትሹ፦ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይመዝንም። ይሁንና አንድ ሞል ጤፍ ለማግኘት የሀገሪቱ ጤፍ አምራች ሁሉ ለሚሊዮኖች ዓመታት ቢያጭድ ሞሉ አይሞላም። አንድ ሞል ውሃ ግን 18 ግራም ነው፤ ጉንጭ አይሞላም።

ቁጥሩ የተሰየመለት አቮጋድሮ የጣሊያኗ ቱሪን ሰው ነው፤ በመጀመሪያ የተማረውም ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1811 ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች፣ ይዘታቸው እኩል ከሆነ የቅንጣታቸውም ቁጥር እኩል ነው ብሎ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። በ1856 ሞተ። በ1860 ካርልስሩኸ ላይ ኬሚስቶች ሲሰበሰቡ የአገሩ ልጅ ካኒዛሮ ሐሳቡን አንሥቶ ተሟገተለት፤ በ1909 ደግሞ ፈረንሳዊው ፔራን ቁጥሩን በስሙ እንጥራው አለ። ባለቤቱ ግን ቁጥሩን ሳያውቀው ነው ያረፈው። በቁም ሳለ ቀና ብለን ያላየነውን ሰው ድንኳን ከተተከለ በኋላ «ምን ዓይነት ሰው ነበር መሰላችሁ!» የምንለው እኛ ብቻ የምንመስላቸው ሰዎች፣ ይህንን ያንብቡ።

ይኸው የአቮጋድሮ ሐሳብ በተማሪ ደብተር ውስጥ 22.4 ሊትር የሚል ቁጥር ሆኖ ይገኛል፤ የማንኛውም ጋዝ አንድ ሞል የሚይዘው ቦታ ነው። ተማሪው በቃሉ ይዞት ያድራል። ቁጥሩ ግን የሚሠራው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በባሕር ወለል ግፊት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በቀን ሙቀቷ 25 ዲግሪ አካባቢ የምትውል ከተማ ናት። አስልተን ስናየው እዚህ አንድ ሞል ጋዝ ወደ 30 ሊትር ይይዛል። ሐዋሳ የመጣ እንግዳ ሁሉ ዘና ብሎ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል ሲባል ስለ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ተምሬ ነው እንግዲህ የምርቃት ድግስ የተጠራሁት። ከታቦር ተራራ ብዙም ያልራቀ ግቢ ነው፤ ልጃቸው ተመርቆ። የጥሪ ካርዱ «ልክ 6፡00 ሰዓት» ይላል። ሳይንሱ ትርጉም ያለው አኃዝና ቦታ መሙያ የሆነ ዜሮ ይለያያሉ ይላል፤ በእኛ የጥሪ ካርድ ላይ ያሉት ሁለቱ ዜሮዎች ምንም ትርጉም እንደሌላቸው 7 ሰዓት ተኩል ላይ የደረስን ሁሉ መስክረናል። ስድስቱም ቢሆን አጠራጣሪ ነው።

በሩ ላይ ማይክ የያዘ ጎልማሳ ቆሟል። የሚገባውን ስጦታ ያስተዋውቃል። «እገሌና ቤተሰቡ፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ! እናመሰግናለን!» ጭብጨባ። ሌላ ሳጥን። ሌላ ጭብጨባ። እስከ 8 ሰዓት ድረስ 14 ሳጥን ገባ፤ እያንዳንዱ 24 ጠርሙስ፣ በድምሩ 336 ጠርሙስ። የተጠራው እንግዳ 120 ነው። እኔም ከጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ አንዱ ሳጥንም የእኔ ነው።

ሴቶቹ በጓሮ ወጡ እንዳያልቅ ሰግተው 20 ሊትሩን ውሃ ጨምረው 25 አድርሰውታል። የእህቴ ልጅ ቀምሳ «የበርበሬው መጠን አልተነካም፤ ጥንካሬው ግን ወደ አራት አምስተኛ ወርዷል» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ኪሎውን ብቻ ላየ ግቢው ጥጋብ በጥጋብ ነው። ሞሉን ላየ ግን ቀመሩ ይህ ነው፦ 2 እንጀራ፣ 1 ጭልፋ ወጥና 1 ጠርሙስ ሲዋሃዱ 1 የጠገበ እንግዳ ይሰጣሉ።

የተጋገረው እንጀራ 150 ነበር።

150 ለ2 ሲካፈል 75 ነው። ወጥ ለ120 ሰው አለ፤ ለስላሳ ለ336 ሰው አለ፤ የጠገበ እንግዳ ግን ከ75 በላይ ሊመረት አይችልም። 45 ሰው ባዶ ሳህን ይዞ በአጥሩ ጥግ ተደርድሮ ቀረ፤ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበለት ዳር ላይ ቆመው ተራቸውን የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች አስታወሱኝ። በአንድ እጅ ሳህን፣ በሌላው ለስላሳ። አስተናጋጁ ሲያልፍ «እንጀራ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም፣ ሌላ ለስላሳ ያመጣላቸዋል። አንዱ አዛውንት ሦስተኛውን ሲቀበሉ «ልጄ፣ እኔ ለዋና አልመጣሁም» አሉት።

እኔ በድፍረት «ችግሩ ሳህን ማነሱ ነው» ብዬ ነበር። ልጅቱ አረመችኝ። ሳህን በሥራው ላይ አያልቅም፤ ታጥቦ ይመለሳል፤ ሥራውን ያፋጥናል እንጂ አይበላም፤ ስሙም ካታሊስት ነው።

ቆጥረን ስንጨርስ በትክክል የጠገበው 75 እንኳ አይደለም፤ 68 ነው። በኬሚስትሪ ምርቱ ከተሰላው በታች የሚሆነው ጥቂቱ ዕቃው ላይ ስለሚቀር፣ ስለሚፈስ፣ ወይም በጎን ሌላ ያልታሰበ ምላሽ ስለሚካሄድ ነው። የእኛው የጎን ምላሽ በኋላ በር ይካሄድ ነበር፤ በፌስታል። 68ን ለ75 አካፍዬ በ100 ሳባዛ 90.6666667 አገኘሁና በኩራት አሳየኋት። «ሁለት አኃዝ ይበቃል፣ 91 በል» አለችኝ። «ሰው የቆጠርከው በዓይንህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። እንጀራ ማምጣት ለምን ማንም አላሰበም? መልሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ማይክ ይዞ። እንጀራ አይጨበጨብለትም። በየስብሰባው ውድ ወንበር ሞልቶ መጻፊያ ማርከር የሚጠፋው፣ በየለቅሶው ድንኳን ተርፎ ጨው ከጎረቤት የሚለመነው፣ ቀድሞ የሚያልቀው ነገር ስም የማያስጠራ ስለሆነ ይመስለኛል። የሚያስጠራውማ ሁሌ ይተርፋል።

በሚቀጥለው ጥሪ እንግዲህ ቆራጥ ሆኜ ተነሣሁ። እትዬን 40 እንጀራ አስጋገርኳት፤ በነጭ ጨርቅ ሸፍነን በባጃጅ ጭነን ልጅቱና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን ሄድን። ማይክ የያዘው ሰው ከሩቅ አየንና ፈገግ አለ።

«ምን ይዘው መጡ፣ ጋሼ?»

«እንጀራ።»

ማይኩን ከአፉ አራቀና «እሱ እንኳን በጓሮ በኩል ነው» አለኝ። ወዲያው ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አንድ ሳጥን ለስላሳ! እናመሰግናለን!»

እንጀራውን በጓሮ አስረክበን ወጣን። ባጃጁ ገና አልሄደም ነበር። ጥግ ላይ ያለች ሱቅ ድረስ ውሰደኝ አልኩት። ሳጥኑን አቅፌ ወደ ዋናው በር ስመለስ ልጅቱ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋሼ» አለች፣ «ያቺ የተረፈችው 2 ግራም ሃይድሮጅን አንተ ነህ ማለት ነው?»

እኔ ግን ስሜ እየተጠራ ስለነበር በደንብ አልሰማኋትም።