ፓስዎርድ ለማይነፍጉ ደጋግ እጆች

ደግ ሰው ጠፋ የምትሉ ሁሉ፣ አልጠፋም፤ ባንክ ቤት ተቀጥሯል። ኪቦርዱን ገልበጥ አድርጋችሁ ከሥሩ የተለጠፈችውን ቢጫ ወረቀት እዩ፤ ደግነት በስምንት ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ስምንት የሆነው ሲስተሙ ከዚያ ያነሰ አልቀበልም ስላለ ነው እንጂ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ቢሆን አራትም ይበቃ ነበር። ወረቀቷ የያዘችው የሥራ አስኪያጁን ፓስዎርድ ነው። እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ መስኮቱ ላይ ደንበኛ ቆሟል፤ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ገንዘብ ከፋዩ በራሱ ከሚፈቀድለት ጣሪያ ያልፋል። ስልክ ይደወላል። መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «በእኔ ግባ።»

ለደንበኛ የሚያውሰውን እስክሪብቶ ሳይቀር በገመድ የሚያስር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልብ መገኘቱ ያስደንቃል። እስክሪብቶው ታስሯል፤ የሥራ አስኪያጁ ስም ግን እንደ ልቡ ይዞራል።

ሁለቱ ቃላት ስንት ሰው የለፋበትን ነገር በአንዴ እንደሚንዱ ለማድነቅ ሲስተሙ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ደግ ነው። አንድ ሠራተኛ ክፍያውን ያስገባል፤ በባንክ ቋንቋ ሜከር ይባላል። መጠኑ ከጣሪያው ካለፈ ክፍያው ወደ ሒሳብ አይገባም፤ ወረፋ ይይዛል። ሌላ ሰው፣ ቼከሩ፣ ከወረፋው ይከፍተዋል፤ የሒሳብ ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ ፊርማውን ከሰነዱ ጋር ያስተያይና ያጸድቃል። ሲስተሙ ከማሳለፉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ያስገባው ዩዘር አይዲና ያጸደቀው ዩዘር አይዲ ይለያያሉ? ከተለያዩ ያሳልፋል። ፊት አያይም፣ ድምፅ አይለይም፤ ለሲስተሙ ሰው ማለት ዩዘር አይዲ ነው። ስለዚህ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሁለት መስኮት ከፍቶ በግራው ቢያስገባና በቀኙ ቢያጸድቅ፣ ሲስተሙ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተስማምተው እንደሠሩ አድርጎ ይመዘግብላቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ያለው ማን ነበር? ባንክ ቤት ይምጣና አንዱ ሃምሳውንም ተሸክሞ ሲሮጥ ይይ።

ካዝናው ላይ ግን ይህ ደግነት አይሠራም። ካዝና በሁለት ሰው ይከፈታል፤ አንዱ ቁልፍ ይይዛል፣ ሌላው ሌላ ቁልፍ ወይም የሚስጥር ቁጥር። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቁልፌን ከመሳቢያዬ አውጥተህ ክፈተው» ያለ ሰው ቢኖር በማግስቱ ጉዱ ይፈላል። ካዝናው ውስጥ ያለው የዕለቱ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ፓስዎርዱ የሚከፍተው ደግሞ የደንበኛው ሁሉ ሒሳብ የተጻፈበትን መዝገብ ነው። ብረት ስላልሆነ፣ ሲሰጡትም ስለማይንሿሿ፣ የተሰጠ አይመስልም።

ሜከርና ቼከር አንድ ሰው ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ ባሪንግስ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1762 የተቋቋመው ይህ የእንግሊዝ አገር ባንክ ሲንጋፖር ላይ ኒክ ሊሰን የተባለውን ወጣት ነጋዴም የንግዱን ሒሳብ አጣሪ ክፍል ኃላፊም አደረገው። የሚዋዋለውም የሚያመሳክረውም እሱ ሆነ። ኪሳራውን 88888 በሚል ቁጥር በተከፈተ ሒሳብ ሲሸጉጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ሲታይ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ባንክ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። እዚያ ፓስዎርድ መዋስ እንኳ አላስፈለገም፤ ሁለቱን ባርኔጣ ያለበሰው ራሱ ባንኩ ነው። የእኛዎቹ ደጎች ግን ያለ ሹመት ደብዳቤ፣ ያለ ቦርድ ውሳኔ፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ይህንኑ ያሳካሉ።

ሎጉንም፣ ሲስተሙ ውስጥ የተሠራውን ሁሉ የሚጽፈውን መዝገብ፣ እናመስግን፤ የዋህ ነው፣ የነገሩትን ያምናል። በየመስመሩ ዩዘር አይዲውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን እስከ ሴኮንዱ፣ የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ ከለውጡ በፊት የነበረውንና ከለውጡ በኋላ የሆነውን ይጽፋል። ገንዘብ የጎደለ ዕለት ይከፈትና «ያጸደቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ግን በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል። «እኔ አይደለሁም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ወጣቱም «የማጽደቁ መስመር ላይ ስሜ የለበትም» ይላል፤ እሱም እውነት ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሌለው ገንዘቡ ብቻ ነው። መርማሪ የቀረው ተስፋ የኮምፒውተሩ አድራሻ ሲሆን፣ ያ ኮምፒውተር ደግሞ ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ የማይዘጋ፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ የሚሠራበት ነው። ሥራ ሲፈታ ራሱን የሚቆልፍበት ደቂቃ ነበረው፤ ስላስቸገረ ተነሣለት።

የሚያስቀው፣ ሲስተሙ ይህን ሁሉ ሊናገር ይችል ነበር፤ የጠየቀው ጠፋ እንጂ። አስገቢው የጨረሰበትን ሰዓት አጽዳቂው ካጸደቀበት ሰዓት ላይ ቀንሱ። ልዩነቱ በየጊዜው 4 ሴኮንድ ከሆነ፣ አንድም አጽዳቂው ሰነዱን ሳያይ ያጸድቃል፣ አንድም አስገቢው ራሱ ነው። ሁለት ዓምድ መቀናነስ ነው። አንድ ዩዘር በአንድ ጊዜ ሁለት ኮምፒውተር ላይ መግባቱን ማየት ከዚህም ይቀላል፤ ከመነሻው መከልከልም ይቻላል። የሰው ኃይል ክፍሉን የዕረፍት ፈቃድ መዝገብ ከሎጉ ጋር ማገናኘት ትንሽ ሥራ ይጠይቃል፤ ግን ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በባንኩ ሲስተም ውስጥ ሲያጸድቅ የዋለበትን ቀን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። የአሜሪካ ባንክ ተቆጣጣሪዎች ወሳኝ ቦታ ላይ ያለ ሠራተኛ በዓመት ሁለት ተከታታይ ሳምንት ከሥራው ገለል እንዲል የሚመክሩት ለጤናው አዝነው ብቻ አይደለም፤ ማጭበርበር በየቀኑ የሚነካካው እጅ ይፈልጋል፣ እጁ ሲርቅ ይወጣል። ዩዘሩ ግን ባለቤቱ ሲያርፍ እሱ ካላረፈ ዕረፍቱ ምን ዋጋ አለው? ታታሪ ዩዘር ነው።

መፍትሔ አልጠፋም፤ ሲስተሙ ውስጥ ውክልና የሚባል ነገር አለ። ወካዩ ለተወካዩ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ እስከ ምን ያህል መጠን ማጽደቅ እንደሚችል ይሞላል፤ ሌላ ኃላፊ ያጸድቀዋል፤ ተወካዩ በራሱ ዩዘር ገብቶ ይሠራል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ሥልጣኑ በራሱ ይነሣል። አስገቢው ራሱ እንዳይወከል ብቻ መጠንቀቅ ነው። ወካይ ጨርሶ ለሚጠፋበት ለክፉ ቀን ደግሞ በታሸገ ፖስታ የሚቀመጥ ፓስዎርድ አለ፤ ፖስታው በሁለት ሰው ፊርማ ይከፈታል፣ ከተሠራበት በኋላ ወዲያው ይቀየራል። ይህን ሁሉ ቅጽ ከመሙላት «በእኔ ግባ» ማለት አይቀልም? ይቀላል። በራስ ስም ሌላ ሰው ስንት ጊዜ፣ ለስንት ገንዘብ፣ እስከ መቼ እንደሚገባ አለማወቅም እንዲሁ ቀላል ነው።

ፓስዎርድ በየ90 ቀኑ ይቀየር የሚል ደንብ ያወጣው የደኅንነት ክፍልም ከምስጋናው አይቅርበት። ሠራተኛው በታዛዥነት ከስሙ ጀርባ ያለውን 1 ወደ 2፣ 2ቱን ወደ 3 ያሳድጋል። 7ን የያዘ ሌባ 8ን ለማግኘት ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓስዎርድ እንደተነቃበት ምልክት ከሌለ በቀጠሮ አታስቀይሩ፣ ይልቅ ረጅም ይሁን፣ በተለምዶ ከሚታወቁትና ከዚህ ቀደም ከተሰረቁት ዝርዝር ጋር እያመሳከራችሁ የተገኘውን አትቀበሉ ብሎ ነበር። ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ በስልክ የሚላክ ኮድ፣ ሲመጣም ደጎቹ አልተበገሩም፦ «ኮዱ መጣልዎት?» «መጣ፣ ያዝ፦ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ...» ወረፋ የያዘው ደንበኛም አብሮ ይሰማል። የጣት አሻራ ብቻ ነው ያስቸገራቸው፤ ጣት በስልክ አይነበብም። ስለ አሻራ ማንበቢያው የሚቀርበው አቤቱታ «ሥራ ያጓትታል» የሚል የሆነው ለዚህ ነው።

ስለ መብት ክለሳው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በየሩብ ዓመቱ ማን ሲስተሙ ውስጥ ምን መብት እንዳለው የሚዘረዝር ኤክሴል ለኃላፊው ይላካል፤ ኃላፊው ሳይከፍቱት «ይቀጥል» ብለው ይመልሳሉ። ከብድር ክፍል ወደ ውጭ ምንዛሪ የተዛወረው ሠራተኛ ሁለቱንም መብት ይዞ ይኖራል። ሥራ የለቀቀችውም ዩዘሯ ሳይዘጋ ትቀጥላለች፤ ደመወዝ አትጠይቅም፣ ምን ጎዳች?

ከሁሉ የሚመሰገነው ግን ሪፖርቱ ነው፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ነውና። ሪፖርት የሚያወራው የገባለትን ብቻ ነው። የሕንዱ ፑንጃብ ናሽናል ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ማጭበርበር ለዚህ ምስክር ነው። ሙምባይ ካለ ቅርንጫፉ የሚወጡት የዋስትና ደብዳቤዎች በስዊፍት፣ ባንኮች መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ፣ ለሌሎች ባንኮች ይላኩ ነበር፤ ስዊፍቱ ግን ከኮር ባንኪንጉ፣ የባንኩ ዋና መዝገብ ከሚያዝበት ሲስተም፣ ጋር አልተገናኘም። መልእክቱ ሄደ፣ የባንኩ መዝገብ አልሰማም። ያለ መዝገብ በወጡ ደብዳቤዎች ዓመታት አለፉ፤ መጀመሪያ የተነገረው መጠን 1.77 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የላኳቸውን መልእክቶች ብዛት መዝገብ ላይ ካሉት ዋስትናዎች ጋር በየማታው ማስተያየት ይበቃ ነበር። ግን ያልተጻፈ ነገር የሪፖርት ውበት አያበላሽም።

ፕሪንተርም የዚሁ ሲስተም ታናሽ ወንድም መሆኑ አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ የስዊፍት ዩዘሮች ገብተው በ35 ትእዛዝ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲተላለፍ የባንኩ ዶላር ለተቀመጠበት ለኒው ዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ላኩ። የስዊፍት መልእክቶችን በራሱ የሚያትመው ፕሪንተር ዝም አለ፤ ሌቦቹ ያስገቡት አጥፊ ፕሮግራም አፉን ዘግቶት ነበር። ሠራተኞቹ እንደ ማንኛውም ቀን ፕሪንተር ተበላሸ ብለው አለፉት። ፕሪንተር ሲበላሽ ማን ይደነግጣል? 81 ሚሊዮን ዶላር ፊሊፒንስ ደረሰ፤ ከዚያ ውስጥ በጊዜው የተመለሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ስሪላንካ የደረሰው 20 ሚሊዮን የተመለሰው በተቀባዩ ስም ውስጥ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው በስሕተት በመጻፉ፣ ያሳላፊው ባንክ ሠራተኛ ተጠራጥሮ ስለጠየቀ ነው። አንድ ሰው ከማጽደቁ በፊት አነበበ። እንዲህ ያለ ሰው በ4 ሴኮንድ አጽዳቂዎች ዘንድ ሥራ ጎታች ይባላል።

ኦዲተር በዓመቱ ይመጣል። «የሥራ አስኪያጁ ፓስዎርድ በሌሎች ሠራተኞች እጅ ተገኝቷል» ብሎ ግኝቱን ይጽፋል፤ ሲስተሙ ግኝቱን ለሥራ አስኪያጁ ይልካል፤ በ15 ቀን መልስ እንዲሰጡ ይጠይቃል። 15ኛው ቀን ላይ እሳቸው ስብሰባ አለባቸው። ወጣቱ ይደውላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሎጉ ላይ፣ በሥራ አስኪያጁ ዩዘር፣ ከመስኮት ሦስት ኮምፒውተር፣ እንዲህ የሚል መልስ ይመዘገባል፦ «ችግሩ ሙሉ በሙሉ ተስተካክሏል።»